ቅዳሜን እሁድ ለማድረግ

ውድ የትምህርት ቤታችን ልጆች፣ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ!

የድረ ገጹን ሪፖርት በአሥር ደቂቃ አቅርብ ተብያለሁ። እሞክራለሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ዛሬ የመጣሁት ለሪፖርቱ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ።

ያለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ለቅዳሜ ነበር የተጠራው። አዳራሹ ተያዘብንና ወደ እሁድ አዛወርነው። በቴሌግራም ነገርናችሁ፣ ለቀራችሁት ደወልን። የቀረው ድረ ገጹ ላይ ያለው «ቅዳሜ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። አንድ ቃል! ገጹን የሠራልን ልጅ ደግሞ (በነፃ ነው የሠራው፣ እግዜር ይስጠው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም) ለመስክ ሥራ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሄዷል። ኮዱን በእጁ ስለጻፈው ከእሱ ሌላ የሚነካው የለም። ፓስወርዱም እሱ ጋ ነው። ፋይሉን ባገኘው እንኳ አንዲት ምልክት አጥፍቼ ገጹን በሙሉ እንዳላፈርሰው እፈራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቲቸር፣ የአማርኛ መምህርታችን፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተሳፍረው መጡ። ለእኛ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። በሩ ዝግ ነው። ጥበቃው «ዛሬ ስብሰባ የለም እማማ» ይላቸዋል። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው «ይኸው ቅዳሜ ይላል!» ይሉታል። ልክ ነበሩ። የዋሸነው እኛ ነን። ዳቦውን ለጥበቃው ሰጥተው ተመለሱ። እኔ የሰማሁት ማክሰኞ ነው፤ ይኸው ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ዛሬም ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።

አንድ ቃል ለመቀየር ፕሮግራመር ከመስክ እስኪመለስ መጠበቅ አለብን? ይኼ እኮ ድሮ የተፈታ ችግር ነው! ኮድ ሳትነኩ ድረ ገጽ ላይ እንድትጽፉና እንድታርሙ የሚያደርጉ፣ ሲኤምኤስ የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ድሩፓል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ዎርድፕረስ በ2003። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕረስ ነው የሚሠሩት። ዘዴው ከባድ አይደለም። ጽሑፉ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል፤ መልኩ፣ ማለትም ቀለሙና አቀማመጡ፣ ለብቻው። ሰው ገጹን ሲከፍት ሲስተሙ ሁለቱን አገናኝቶ ያቀርባል። ስለዚህ ጽሑፉን ስትነኩ መልኩ አይፈርስም። ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ ሰው ቅዳሜን እሁድ ማድረግ አያቅተውም፣ ያውም ከስልኩ። ስልክ ቁጥራችን የተቀየረ ጊዜ ያ ልጅ 38 ገጽ አንድ በአንድ እየከፈተ ሲያርም አምሽቷል። በሲኤምኤስ ግን ግርጌው ላይ አንዴ ከጻፋችሁ ሁሉም ገጽ ላይ ይቀየራል።

አንድ ድርጅት ዋጋ ጠይቀን ነበር። «ይኼ ሲኤምኤስ የምትሉት ለጀማሪ ነው፣ እኛ ከዜሮ እንሠራላችኋለን» አሉን። እሺ፣ ከዚያስ? ዜና በኖረን ቁጥር ኢሜይል ልንልክላቸው፣ ለእያንዳንዷ ማስተካከያ ልንከፍል! ብራችንን ከፍለን በገዛ ቤታችን በር አንኳኪ ልንሆን! እኔ በበኩሌ አንድ ጊዜ በር ላይ የቆሙት ቲቸር ይበቁኛል!

«ሁሉም ከነካካው ይበላሻል» የምትሉ አላችሁ። ለዚህም ድርሻ መከፋፈል ይቻላል። አንዱ ጽፎ ያስገባል፣ ለሕዝብ ማውጣት ግን አይችልም፤ አርታኢው አይቶ ያወጣዋል። ስህተት ቢያልፍ የቀድሞው ቅጂ ስለማይጠፋ መመለስ ነው።

ወጪ? ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) እና ሆስቲንግ (ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) በየዓመቱ ይከፈላል። በየጊዜው አፕዴት ካልተደረገ ይጠለፋል፣ ባክአፕም ያስፈልጋል። ይኼን ያ ልጅ ሊይዝልን እሺ ብሏል። ሌላው ወረቀቱ ላይ አለ፣ አንብቡት።

አሁን የሚጎድለን አርታኢ ነው። ቲቸር፣ ደብተራችንን በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ የኖሩት እርስዎ ነዎት፣ እምቢ እንዳይሉኝ። መግቢያ ከፍቼልዎታለሁ፣ ከቡናው በኋላ ላፕቶፑን ይዤ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። የድሮውን ጽሑፍ ለሙከራ አዲሱ ሲስተም ውስጥ እንዳለ ነው ያስገባሁት፤ ያቺ «ቅዳሜ» አሁንም እዚያው አለች። እሷን እርስዎ ያርሙልን።