ቤዝቦልን አንድ ሰው አልፈለሰፈውም
(በልጆቻችን የሰመር ቡድን መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወላጆች፣ እንዲሁም ዛሬ ሜዳሊያ የምትወስዱ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ቤዝቦል ታሪክ ትንሽ እንዳጫውታችሁ ጠይቀውኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ፤ ምክንያቱም ከቆየ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የኖረ ነገር አለ። ለልጆቹ በአማርኛ ያሳተምናትን ትንሽ ቡክሌት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የመጀመሪያው ገጽ «ቤዝቦልን በ1839 ኩፐርስታውን በምትባል የኒውዮርክ ከተማ አብነር ደብልዴይ ፈለሰፈው» ይላል። ይህ ውሸት ነው። ደግመን ከማሳተማችን በፊት እንዲወጣ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከገና ልጀምር። ጊዜው 1621 ነው። ቦታው ዛሬ ማሳቹሴትስ የምንለው አገር፣ ፕሊመዝ የምትባል የእንግሊዝ ሰፋሪዎች መንደር። አገረ ገዢው ዊሊያም ብራድፎርድ ይባላል። እነሱ ዘንድ ገና በዓል አይደለም፣ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት ሰዉን ለሥራ ሲጠራ፣ በቅርቡ በመርከብ የመጡት አዲሶቹ «በዚህ ቀን መሥራት ሕሊናችን አይፈቅድም» አሉት። «የሕሊና ጉዳይ ከሆነማ ይሁን» ብሎ ተዋቸውና ከሌሎቹ ጋር ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ መንገድ ላይ በጨዋታ ደርቷል። ከጨዋታዎቹ አንዱ ስቱልቦል ነው። አንዱ ኳስ ወርውሮ በርጩማ ሊመታ ይሞክራል፤ ሌላው በርጩማው ፊት ቆሞ ኳሷን በእጁ ወይም በዱላ ይመልሳል። ብራድፎርድ መጫወቻቸውን ቀማቸው። «ሌላው እየሠራ እናንተ ስትጫወቱ ማየት ደግሞ የእኔ ሕሊና አይፈቅድም» አላቸው። ማክበር የፈለገ ቤቱ ይቀመጥ፣ መንገድ ላይ ግን ጨዋታም ፈንጠዝያም የለም። ታሪኩን የጻፈው ብራድፎርድ ራሱ ነው።

እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለልን ነው ያደግነው። በዚያ ቀን ጭሰኛው ጌታውን በነገር ቢሸነቁጠው እንኳ ቁጣ የለም። ፕሊመዝ ላይ ግን ጌታው ተቆጡ። የእኛ ገና የቤዝቦል ዘመድ ነው እያልኩ አይደለም፤ እሱ ወደ ሆኪ ይጠጋል። እኔ የምለው፣ ደብልዴይ ፈለሰፈ ከተባለበት ቀን 218 ዓመት ቀድሞ በዚህ ምድር ላይ ሰው ኳስ ሲወረውርና ሲመልስ ነበር ነው።

ቤዝቦል የሚለው ስም ራሱ የታተመው መቼ መሰላችሁ? በ1744፣ ለንደን ውስጥ። ጆን ኒውበሪ የሚባል አሳታሚ ለልጆች አንዲት ትንሽዬ የኪስ መጽሐፍ አወጣ። ጥቂት ሳንቲም ለጨመረ፣ ለወንድ ልጅ ኳስ፣ ለሴት ልጅ የመርፌ መሰኪያ ትራስ አብሮ ይሰጣል። አንዱ ጎኑ ቀይ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ልጁ ጥሩ ሲሠራ ቀዩ ላይ፣ ሲያጠፋ ጥቁሩ ላይ መርፌ ይሰካበታል። በዚህች መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በላይ ቤዝቦል ተብሎ ተጽፏል። ልጆች ቆመዋል፣ ቤዝ (ሯጩ የሚደርስበት ማረፊያ) መሆን በሚገባው ቦታ ግንድ ተተክሏል። ከሥር ያለችው ግጥም ልጁ ኳሷ እንደተመታች ወደሚቀጥለው ግንድ እንደሚበር፣ ከዚያ በደስታ ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ መነሻው፣ እንደሚመለስ ትናገራለች። ዛሬ ጠዋት ልጆቻችሁ እዚህ ሜዳ ላይ ያደረጉት ይህንኑ አይደለም? ደብልዴይ የተወለደው በ1819 ነው። መጽሐፏ በ75 ዓመት ትበልጠዋለች!

ደግሞ ሌላ ልንገራችሁ። ከእኛው ወላጆች መካከል «ሴት ልጅ ቤዝቦል ምን ያደርግላታል» ያላችሁ አላችሁ። ስም አልጠራም። ዊሊያም ብሬይ የሚባል የእንግሊዝ ጠበቃ በወጣትነቱ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በ1755 በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ጊልፎርድ አካባቢ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከምሳ በኋላ ቤዝቦል ለመጫወት ወደ አንዲት ወይዘሪት ቤት ሄደ። አብረውት የተጫወቱትን አንድ በአንድ ጽፏቸዋል፤ ስድስቱ ወይዛዝርት ናቸው። ከወንዶቹ ይበዛሉ። ሻይ ጠጥተው እስከ ሁለት ሰዓት ማታ አመሹ። ጄን ኦስተንም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈችው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በልጅነቷ ከመጽሐፍ ይልቅ ክሪኬትና ቤዝቦል ትወድ እንደነበር ትነግረናለች። ሴቶች ቤዝቦል ውስጥ እንግዳ አይደሉም። መጀመሪያውኑ እዚያ ነበሩ! ይህን ማንም አባት ለልጁ ሊደብቅ አይገባም።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ በ1791 የፒትስፊልድ ከተማ፣ እዚያው ማሳቹሴትስ፣ አንድ ደንብ አወጣች። አዲሱ የስብሰባና የጸሎት ቤት መስኮቱ እንዳይሰበር፣ በ80 ያርድ ክልል ውስጥ ኳስ መጫወት ክልክል ነው ተባለ። ከተከለከሉት ጨዋታዎች ዝርዝር ውስጥ ቤዝቦል በስሙ አለ። ከተማ ደንብ የሚያወጣው የልጆች ጨዋታ እስኪሰለቸው ድረስ ሲበዛበት ነው። ይህ፣ ቤዝቦል ኩፐርስታውን ውስጥ ተፈለሰፈ ከተባለበት 48 ዓመት ይቀድማል።

ታዲያ የደብልዴይ ወሬ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

ሄንሪ ቻድዊክ እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ አሜሪካ ውስጥ ስለ ቤዝቦል በመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ጋዜጠኛ ነበር። ቤዝቦል ራውንደርስ ከሚባለው የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ የመጣ ነው ብሎ ጻፈ። አልበርት ስፖልዲንግ ይህን መስማት አልፈለገም። ስፖልዲንግ የቀድሞ ተጫዋች፣ በኋላ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ጨዋታው ከሥር መሠረቱ አሜሪካዊ እንዲሆን ፈለገ። በ1905 የጨዋታውን መነሻ የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኤ. ጂ. ሚልስ ነበር። በዚያው ዓመት አብነር ግሬቭስ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ከዴንቨር ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብልዴይ ጨዋታውን ኩፐርስታውን ውስጥ ሲያስተምር አስታውሳለሁ አለ። በ1839 ግሬቭስ ስንት ዓመቱ ነበር? አምስት! የአምስት ዓመት ሕፃን ትዝታ፣ ከ66 ዓመት በኋላ። ሌላ ወረቀት የለም። ሌላ ምስክር የለም።

ደብልዴይስ? በ1839 ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተማሪ ነበር። በኋላ ጄኔራል ሆነ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ፎርት ሰምተር የሚባል ምሽግ ላይ ተዋግቷል፤ ክብር ይገባዋል። በ1893 እስኪሞት ድረስ ግን ቤዝቦልን ፈጠርኩ ብሎ አያውቅም። ሚልስ ደግሞ ወዳጁ ነበር። ወዳጁ በሕይወት እያለ ያልሰማውን ነገር፣ ከሞተ በኋላ በአንድ ደብዳቤ አጸደቀለት። በ1907 መጨረሻ ኮሚሽኑ ፈረመ፣ አለቀ። በ1939 «መቶኛ ዓመት» ተብሎ ኩፐርስታውን ላይ ሙዚየም ተመረቀ፣ ፖስታ ቤትም ቴምብር አሳተመ። ሮበርት ሄንደርሰን የሚባል የኒውዮርክ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የቆዩ መጻሕፍት እያገላበጠ ወሬውን ፉርሽ አደረገው። ዛሬ ሙዚየሙ ራሱ ይህን እንደ እውነት አያቀርብም። ሙዚየሙ የተወውን ውሸት እኛ በአማርኛ ተርጉመን ለልጆቻችን እንስጥ? ለምን?

የሚያናድደኝ የቀን ስህተቱ አይደለም። ሕፃናትና ወይዛዝርት ለብዙ ትውልድ እየተጫወቱ ያሳደጉትን ነገር፣ ጥቂት ሹማምንት ተሰብስበው ለአንድ ጄኔራል መስጠታቸው ነው።

ስለ ደንቡ ባጭሩ። ኒውዮርክ ውስጥ የኒከርቦከር ክለብ በ1845 ደንቡን በጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የሚሮጠውን ልጅ በኳስ መትተህ ነበር ከጨዋታ የምታስወጣው፤ እነሱ ይህን ከለከሉ። በማግስቱ ዓመት ኒውዮርክ አጠገብ ባለችው ሆቦከን ከተማ ከሌላ ቡድን ጋር ተጋጥመው 23 ለ 1 ተሸነፉ። ሥራቸው ትልቅ ነው፣ ግን ያገኙትን አስተካከሉ እንጂ ከባዶ አልፈጠሩም።

አሁን ጥያቄዬ። የቡክሌቱ አዲስ እትም በመስከረም ማተሚያ ቤት ይገባል። የመጀመሪያውን ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። የጄኔራሉ ፎቶ ይውጣና የ1744ቱ የልጆች ሥዕል ይግባ። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ። ከተቆጠረ በኋላ ወደ ሜዳሊያው እንሄዳለን፤ ከትንንሾቹ ቡድን እንጀምራለን።