መድረኩ የእራት ማጣፈጫ አይደለም

የተከበራችሁ፣ በአውሮፓ ከተሞች የምሽት መድረኮች የምትሠሩ ድምፃውያን፣ ተወዛዋዦች፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች፤ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም መጣችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አውሮፓ የምሽት መዝናኛ ታሪክ ቢሆንም፣ የመጣሁት ቅሬታ ይዤ መሆኑን አልደብቅም። የምሽት መድረክ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ ሹማምንቱም ባለ ሀብቶቹም የእራትና የመጠጥ ማጣፈጫ አድርገው ይቆጥሩታል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1895 በበርሊኑ የዊንተርጋርተን ትርኢት ቤት፣ ማክስና ኤሚል ስክላዳኖቭስኪ የተባሉ ወንድማማቾች ከፍሎ ለገባ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ምስል አሳዩ። ይህም የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ካዘጋጁትና የሲኒማ ልደት እየተባለ ከሚወሳው የዲሴምበር 28 ዝግጅት ሁለት ወር ገደማ ይቀድማል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ቀዳሚነቱ አይደለም። ፊልሙ የቀረበው የመድረክ ትርኢቶቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ፣ የምሽቱ መዝጊያ ሆኖ ነበር፤ በምስሉ የታዩትም የዚያው የትርኢት ዓለም ሰዎች ነበሩ፦ የሚጨፍሩ ልጆች፣ አክሮባቶች፣ ከሰው ጋር ቦክስ የሚጋጠም ካንጋሮ ሳይቀር፣ በመጨረሻም ወንድማማቾቹ ራሳቸው ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሱ። እንግዲህ ሲኒማ አዳራሹንም፣ ተመልካቹንም፣ ተዋንያኑንም ያገኘው ከእኛ ቤት ነው። ዛሬ እርሱ የመንግሥት ድጎማና ኒሻን ሲቀበል፣ ያስተናገደው ቤት ግን እንደ ጥበብ ለመቆጠር ደጅ ይጠናል! የጀርመን ፓርላማ እንኳ፣ በግንባታ ሕግ ከቁማር ማሽን ቤቶች ተርታ ይመደቡ የነበሩት የሙዚቃ ክበቦች እንደ ቲያትርና ኦፔራ ቤቶች የባህል ተቋም ሆነው እንዲታዩ መንግሥትን የጠየቀው ገና በ2021 ነው። አዝማሪውን ማታ ሸልሞ ቀን በሙያው የሚሰድብ አገር ልጆች ነንና፣ ይህ ንቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በፓሪሱ የሻንዜሊዜ ጎዳና ከ1946 ጀምሮ የሚታወቀው ሊዶ የተባለው የምሽት ትርኢት ቤት ምን እንደደረሰበት ታስታውሳላችሁ። በ2022 አዲሱ ባለቤት ኪሳራን ምክንያት አድርጎ የዳንስ ትርኢቱን ሲያስቀር፣ ከ150 በላይ የሥራ ቦታዎች እንደሚቀነሱ ተነገረ። ኪሳራው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን አንድ የዳንስ ቡድን ሲበተን አብሮት የሚጠፋውን ሙያ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ጻፉት? ከ1889 ጀምሮ የቆየው ሌላው የፓሪስ ትርኢት ቤት ሙላን ሩዥ የላባና የጫማ ሠሪ ወርክሾፖችን በራሱ ሥር ያደረገው ያለ ነገር አይደለም፤ ላባ የሚያዘጋጅና ካንካን ለሚባለው ጭፈራ ጫማ በልክ የሚሰፋ እጅ አንዴ ከተበተነ በገንዘብ አይሰበሰብም።

ስለ ድምፅ ገደብና ስለ ሌሊት ትራንስፖርት በከሰዓቱ ውይይት ስለሚነሳ እዘለዋለሁ። የልምምድ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት እንዲከፈል የሚጠይቀውን ረቂቅ ደብዳቤ ግን በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል፤ ፊርማ የምንሰበስበው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነው።