አርብ ማታ፣ አለቃዬና ፉትቦሉ

እሺ... ዛሬ ስለ መኪናዬ አላወራም፤ እፎይ በሉ። አለቃዬን፣ የአራት ዓመት ልጄን ማለቴ ነው፣ የሃይስኩል ፉትቦል (ያን በእጅ የሚይዙትን የአሜሪካኖቹን) ለማየት ይዣት ሄጄ ነበር። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

የሄድነው ለኳሱ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ማርቺንግ ባንድ ውስጥ (ሜዳ ላይ እየተራመደ የሚጫወተው የትምህርት ቤቱ ባንድ) ከበሮ ይመታል። አለቃዬ ደግሞ ከበሮ እንዴት እንደምትወድ ታውቃላችሁ። ባንዱ የሚወጣው በእረፍት ሰዓት ነው፣ ከጨዋታው አራት ክፍሎች (ኳርተሮች) ሁለቱ ካለቁ በኋላ። በሃይስኩል አንዱ ኳርተር 12 ደቂቃ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ሰዓቱ ግን ይቆማል እኮ! ኳሷ ሳትያዝ መሬት ስትነካ ይቆማል። ከመስመር ሲወጡ ይቆማል። ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ሲወረውር ይቆማል። እስቲ ይህን ለአራት ዓመት ልጅ አስረዱ። «አራት ሙከራ አላቸው፣ 10 ያርድ ከሄዱ እንደገና አራት ይሰጣቸዋል» አልኳት። «ከዚያስ?» አለች። ከዚያማ... ያው እንደገና ነዋ።

ሁለተኛው ኳርተር ላይ ነው። ኳሱን የያዘው ልጅ በጎን በኩል ሲሮጥ ሁለት ሆነው ጣሉት። ያ ድምፅ በቴሌቪዥን እንዲህ አይሰማም። ቋ! ሁለቱ ተነሱ። እሱ አልተነሳም።

የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ አለ። አለቃዬ ጭኔ ላይ ቆማ፣ በሙሉ ድምጿ፣ «ተኛ እንዴ?» አለች። ደግነቱ በአማርኛ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሐበሻ የሞላባት ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖሩ ግን አማርኛ ምስጢር እንደማይደብቅ ታውቁታላችሁ።

ከፊታችን አንዲት ሴትዮ ነበረች። የልጁን ቁጥር የያዘ ማልያ ለብሳለች። ብድግ አለች። ግን አልሮጠችም። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። አጥሩ ቅርብ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ጃኬቷን ይዟል፤ ግን እንዲህ በጣቱ ጫፍ ነው፣ ብትፈልግ ታስለቅቀዋለች። ምናልባት ልጁ «ብወድቅ ሜዳ እንዳትገቢ» ብሏት ይሆናል። በዚያ ዕድሜ እናት ሜዳ ስትገባ ያሳፍራላ። እኔ ብሆን አጥሩን ዘልዬ... ዘልዬ ስል፣ ጉልበቴን ታውቁታላችሁ።

ቆይቶ ተነሳ። በሁለት ሰው ተደግፎ ሲወጣ ሕዝቡ በሙሉ አጨበጨበ። አለቃዬማ እጇ እስኪቀላ። ሴትዮዋ አላጨበጨበችም። ያኔ ነው ወደ ታች መውረድ የጀመረችው፣ ቀስ ብላ።

ሕግ አለ፣ አውቃለሁ። ዛከሪ ሊስቴት የሚባል ልጅ በ13 ዓመቱ ጭንቅላቱን ተመቶ፣ ወደ ጨዋታው ተመልሶ፣ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ዋሽንግተን ስቴት በ2009 በስሙ ሕግ አወጣ። ኮንከሽን (ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት) የተጠረጠረበት ልጅ ይወጣል፣ የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይመለስም። ከዚያ ሌሎቹም ስቴቶች ተከተሉ። የእኛም ልጅ አልተመለሰም። «የእኛ» አልኩ? ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ባንዱ? አዎ፣ ወጣ። ከበሮው ሲጀምር ጆሮዋን ይዛ «ቤት እንሂድ» አለችኝ! ለዚህ ነው እዚያ ብርድ ላይ የተቀመጥኩት።

አሁን ሳሎን ውስጥ ሆን ብላ ትወድቃለች። ምንጣፉ ላይ ዝርግት ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስኪጨበጨብላት ትጠብቃለች። እናቷ እየሳቀች ታጨበጭባለች። እኔም አጨበጭባለሁ፣ ምን ላድርግ? «ልጁ የተጨበጨበለት ስለተነሳ ነው» አልኳት። «መጀመሪያ ግን ወደቀ» አለች። መልስ አጣሁ። ምናልባት ጨዋታ ብቻ ነው። ወይም ደግሞ... አይ፣ ጨዋታ ነው።

ሆምካሚንግ፣ የድሮ ተማሪዎች ተመልሰው የሚመጡበት የትምህርት ቤቱ በዓልና ጨዋታ፣ እየደረሰ ነው። «የወደቀው ልጅ ይኖራል?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ይኑር ልበል አይኑር? ለእናቱ ሳስብ አይኑር እላለሁ። ለእሱ ሳስብ ደግሞ... እንጃ።