አውቀናቸዋል ብለን የምናልፋቸው ቃላት

በትምህርት ቤት የቋንቋ ቀን ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ ስለ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት አላወራም። ‹ፎቶሲንተሲስ› የሚለው ቃል ልጆችን ያስፈራቸዋል፤ ስለሚያስፈራቸውም ይጠይቃሉ፣ ይማሩታል፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የትም ቢያገኙት ትርጉሙ ያው ነው። የሚያስቸግሩን አጫጭሮቹ ናቸው። ‹ወርክ›፣ ‹ሚን›፣ ‹ቤዝ›፣ ‹ፓወር›፣ ‹ቴብል›። እነዚህን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ችግሩም እሱ ነው። ስለሚያውቀው ቃል እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ተማሪ የለም።

የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። አንዳንድ ቦታ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጀመራል። ብዙ ልጅ ግን ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ይቆይና፣ ክረምቱ አልፎ ሲመለስ መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ትናንት አንድ የትምህርት ዓይነት የነበረው እንግሊዝኛ ዛሬ የፊዚክስም፣ የኬሚስትሪም፣ የሲቪክስም ቋንቋ ይሆንበታል።

በ‹ሚን› ልጀምር። ተማሪው መዝገበ ቃላት ይገልጣል። በመጀመሪያ ‹ማለት› የሚል ያገኛል። ዝቅ ሲል ‹ክፉ፣ ንፉግ› ይላል። የሒሳብ መጽሐፉ ደግሞ ‹የእነዚህን ቁጥሮች ሚን ፈልግ› ብሎታል። አንድ ልጅ በዚህ ግራ ተጋብቶ «ቲቸር፣ ቁጥር እንዴት ክፉ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ልጁን አደነቅኩት። ያነበበውን በትክክል ነው ያነበበው። የቀረው ሦስተኛው ትርጉም ነው፤ ‹አማካይ› የሚለው። የሳቁት ልጆችም ቢሆኑ ብዙዎቹ አያውቁትም ነበር። እሱ ጠየቀ፣ እነሱ ዝም አሉ።

‹ወርክ› ከዚህ ይብሳል። ሥራ ማለት ነው፣ ማን ይስተዋል? ፊዚክስ ክፍል ስትገቡ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጉልበት አንድን ዕቃ ገፍቶ ወይም ስቦ ሲያንቀሳቅሰው ብቻ ነው ‹ወርክ› ተሠራ የሚባለው። ጉልበቱ ዕቃው በተንቀሳቀሰበት አቅጣጫ በተጓዘው ርቀት ይባዛል። እንግዲህ መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ መንገድ እስኪከፈትለት ቆሟል እንበል። ላቡ ይንቆረቆራል። ወገቡ ሊቆረጥ ደርሷል። በፊዚክስ ስሌት ግን ጤፉ ላይ የሠራው ‹ወርክ› ዜሮ ነው። ጤፉ ንቅንቅ አላለማ! ያንኑ ኩንታል ከመሬት አንድ ሜትር ሲያነሳው ወደ 980 ጁል ሠርቷል፤ ጁል የ‹ወርክ› መለኪያ ነው። ይህን ያልተነገረው ተማሪ «ይሄ ሁሉ ድካም እንዴት ዜሮ ይሆናል?» ብሎ ከመጽሐፉ ጋር ይጣላል። ከዚያም ፊዚክስ አይገባኝም ብሎ ይደመድማል። አንዲት ቃል አሳስታው፣ በራሱ ጭንቅላት ይፈርዳል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ‹ፓወር› ሲቪክስ ላይ ሥልጣን ነው። ፊዚክስ ላይ ሥራ የሚሠራበት ፍጥነት ነው፤ በዋት ይለካል። ሒሳብ ላይ ሦስት ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ስምንት ስናገኝ፣ ያ ሦስት ‹ፓወር› ይባላል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ‹ፓወር ጠፋ› እንላለን። ‹ቤዝ› ኬሚስትሪ ላይ የአሲድ ተቃራኒ፣ ጂኦሜትሪ ላይ የሦስት ማዕዘን መሠረት፣ ዜና ላይ የጦር ሰፈር ነው። ‹ሶሉሽን› ለሒሳብ መልስ ነው። ለኬሚስትሪ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘው ነው። ‹ሩት› ባዮሎጂ ላይ የተክል ሥር፣ ሒሳብ ላይ የቁጥር ሥር ነው። እዚህ ላይ አማርኛም አብሮ ስለሄደ ልጆች ብዙም አይቸገሩም።

ለመሆኑ እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ሆነ?

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ኪንግዝሊ ዚፍ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጥናት ይህን ነገር በቁጥር አሳይቷል። አንድ ቃል ይበልጥ በተዘወተረ ቁጥር ትርጉሞቹም ይበዛሉ። ጭማሪውም ልክ አለው፤ መቶ እጥፍ የሚዘወተር ቃል በግምት አሥር እጥፍ ትርጉም ይኖረዋል። ሰው አዲስ ነገር ሲገጥመው ሁልጊዜ አዲስ ቃል አይፈጥርም። እጁ ላይ ያለውን ቃል ዘርጋ ያደርገዋል። በቅርብ ያሉት ደግሞ የየቀኑ አጫጭር ቃላት ናቸው።

ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1884 ታትሞ፣ የመጀመሪያው ዕትም የተጠናቀቀው በ1928 ነው። በ1989 በወጣው ሁለተኛ ዕትም ረጅሙን ቦታ የያዘው ‹ሰት› ነበር፤ ያ የቮሊቦል ሰት የምንለው። ከ400 በላይ ትርጉም ተዘርዝሮለታል። በኋላ ‹ራን› በለጠው። ከመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ፒተር ጊሊቨር ‹ራን› የሚለውን ግስ ብቻ ለማደራጀት ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ያገኘው የትርጉም ብዛት 645 ነው። እኛ በ3ኛ ክፍል ‹ራን ማለት ሮጠ› ብለን የዘጋነው ቃል!

ምኑ ነው 645 የሚያደርሰው? ሰው ይሮጣል። ወንዝ ይፈሳል። ሞተር ይሠራል። አውቶቡስ ይመላለሳል። ባለሱቁ ሱቁን ያስተዳድራል። ፖለቲከኛው ለምርጫ ይወዳደራል። የልብስ ቀለም ይለቃል። ጋዜጣው ጽሑፉን ያወጣል። በአማርኛ ለእያንዳንዱ ሌላ ግስ ተጠቀምኩ። በእንግሊዝኛ ሁሉም ቦታ ‹ራን› ይገባል።

«ታዲያ እንግሊዝኛ ክፉ ቋንቋ ነው» እንዳትሉኝ። የኛን ‹ጣለ› እስቲ ተመልከቱት። ዝናብ ጣለ። ድንኳን ጣልን። እቁብ ጣልኩ። ዳኛው ቅጣት ጣለ። የሕንፃው መሠረት ተጣለ። እምነቴን ጣልኩበት። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። ታጋዩ ተጋጣሚውን ጣለ። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ እዚህ ጋ ሲደርስ ራሱን ይይዛል። እሱ ለዝናቡ ‹ፎል›፣ ለድንኳኑ ‹ፒች›፣ ለእቁቡ ‹ፔይ›፣ ለቅጣቱ ‹ኢምፖዝ›፣ ለመሠረቱ ‹ሌይ› ነው የሚለው። አንድ የአማርኛ ቃል ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ልክ በልክ አይገጥምም። የተወሰነ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ።

አንዳንዴ ግን ረጅም መንገድ አብረው ይሄዳሉ። ‹ሄድ› ራስ ነው። የመሥሪያ ቤት አለቃም ‹ሄድ› ይባላል። እኛም ከአንገታችን በላይ ካለው ራስ ተነስተን ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ ብለናል። ሁለቱም ሕዝቦች ከሰውነት ክፍል ተነስተው አለቃን ሰየሙ። እንዲህ ያለ ድልድይ ባገኛችሁ ቁጥር ተሻገሩበት። ነፃ ትምህርት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ አንድ ቃል ይመስላል እንጂ አመጣጡ ሁለት ነው። ውሻ ሲጮህ ‹ባርክ› ነው፣ የዛፍ ቅርፊትም ‹ባርክ› ነው። የመጀመሪያው ከጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለተኛው ስካንዲኔቪያውያን ይዘውት የመጡት ነው። በመካከላቸው ዝምድና ፈልጋችሁ አትድከሙ። ‹ፋይን› በተቃራኒው ነው። ‹ደህና› ማለትም ነው፣ የገንዘብ ቅጣትም ነው። ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን ሁለቱም ‹ፍጻሜ› ከሚል የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጡ ናቸው። ተሠርቶ ያለቀለት ነገር ጥሩ ነው። ክርክርን የሚቋጭ ክፍያም ፍጻሜ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ተማሪም ሲሰማው ቃሉን አይረሳውም።

ከሁሉም አደገኞቹ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ትርጉም ያላቸው ናቸው። ‹ሳንክሽን› መፍቀድም ነው፣ ማዕቀብ መጣልም ነው። ‹ኦቨርሳይት› በቅርብ መቆጣጠርም ነው፣ ሳያዩ ማለፍም ነው። ጋዜጠኛ ወይም አስተርጓሚ መሆን የምትፈልጉ ልጆች እነዚህን ደብተራችሁ ላይ በቀይ ጻፏቸው። እዚህ የሚሳሳት ተርጓሚ ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያወራው።

የቋንቋው ባለቤቶችም አይድኑም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር ሹማምንት አንድ ላይ ተሰብስበው ነበር። እንግሊዞቹ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ‹ቴብል› እናድርገው አሉ። በእነሱ አነጋገር አሁኑኑ እንወያይበት ማለት ነው። ለአሜሪካኖቹ ግን ‹ቴብል› ማድረግ ጉዳዩን ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ አይሆንም አሉ። ረጅም ክርክር ተነሳ፣ ነገሩም መረረ። በመጨረሻ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር እንደነበር ተገነዘቡ። ይህን ያስታወሱት ራሳቸው ዊንስተን ቸርችል ናቸው፣ በጦርነቱ ማስታወሻቸው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ጄኔራል በ‹ቴብል› ከተደናገረ፣ የ15 ዓመት ልጅ ስትደናገር ማፈር የለባትም።

ተማሪዎች፣ አንድ ነገር እመኑኝ። ይህን ችሎታ አላችሁ። ‹ገና አልመጣም› እና ‹ለገና እንመጣለን› የሚሉትን ስታነቡ ፊደሉ አንድ ነው። ማንም ሳይነግራችሁ አንዱን አላልታችሁ፣ ሌላውን አጥብቃችሁ ታነባላችሁ። ምን ረዳችሁ? አጠገቡ ያለው ቃል። በእንግሊዝኛም የሚረዳችሁ እሱ ነው። አንዳንዶች ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስሉታል፤ እኔ አልስማማም። ባለቅኔው ወርቁን ሆን ብሎ ይደብቃል። የሒሳብ መጽሐፍ ግን የሚደብቀው ነገር የለውም። ትርጉሙ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዞር ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። የቃላት ደብተር አላችሁ አይደል? በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ መሐሉ ላይ መስመር። ያቺን መስመር አጥፏት። ቃሉን ለብቻው አትጻፉ፤ ካገኛችሁበት ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፉት፣ ከየትኛው ትምህርት እንዳገኛችሁትም ጨምሩበት። ሥሩ ላይ ባዶ ቦታ ተዉለት። ያው ቃል በሌላ ትርጉም ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ እዚያው ትጨምሩታላችሁ።

መዝገበ ቃላት ስትገልጡም ቁጥር አንድ ላይ አትቁሙ። የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገብ ትርጉሞችን የሚደረድረው በዕድሜያቸው ነው፤ ጥንታዊው ይቀድማል። ለቋንቋ ተማሪዎች የሚዘጋጁት ደግሞ በብዛት የሚዘወተረውን ያስቀድማሉ። እናንተ የምትፈልጉት አራተኛው ላይ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ስም ነው ወይስ ግስ? ይህን ቀድሞ መለየት ብቻ ግማሹን ፍለጋ ያቀልላችኋል።

ወላጆች፣ እንግሊዝኛ ባትችሉም የምታግዙበት መንገድ አለ። ልጃችሁ ሲያነብ አንድ አጭር ቃል ላይ ጣታችሁን አሳርፉና «ይሄ እዚህ ጋ ምን ማለት ነው?» በሉት። ‹እዚህ ጋ› የምትለዋን አትርሷት። መልሱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ልጁ ሲያብራራ ራሱ ያውቀዋል። ካቃተውም ነገ ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄ አገኘ።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። ረጃጅሞቹን ቃላት ሁላችንም ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። አጫጭሮቹን ግን ያውቋቸዋል ብለን እናልፋለን። አዲስ ምዕራፍ ስትጀምሩ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለአጫጭሮቹ ስጧቸው። ‹ይህን ቃል በሰፈር እንዲህ ታውቁታላችሁ፣ በዚህ ምዕራፍ ግን እንዲህ ነው› በሏቸው። በየምዕራፉ ያሉትን ዝርዝር ብትሰጡኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቀድሜ አስተምራቸዋለሁ። ከፊዚክስ ክፍል ጋር ከሚቀጥለው ሰኞ እንጀምራለን፤ ‹ወርክ›፣ ‹ፓወር›፣ ‹ማስ›፣ ‹ቻርጅ› እና ‹ከረንት› የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን፣ የእናንተን እየጠበቅኩ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አውቃቸዋለሁ በምትሏቸው ቃላት ላይም መጠየቅ ይቻላል። አመሰግናለሁ።