ኬሚስትሪ በፍላሽ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ከጎንደር ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባዬ የሚጮኸው የጎረቤት ጀነሬተር ነው፤ መብራት ስለሄደ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ከተማሪዎች ጋር የምንከራከርበትን ነገር ላውራችሁ። ኬሚስትሪ የሚያጠኑ፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ልጆች «የሚከፈልበት ዳታቤዝ ስለሌለን ነው ሥራችን የማይገፋው» ይሉኛል። ሳይፋይንደርን ማለታቸው ነው። ቢኖረን ማን ይጠላል! ግን ችግሩ እሱ አይመስለኝም። በነጻ የተሰጠንን እንኳ ላፕቶፓችን ላይ በቅጡ አላዘጋጀነውም።

ፐብኬም የሚባለውን የኬሚካል ውሁዶች ዳታቤዝ ውሰዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2004 እ.ኤ.አ. ለማንም በነጻ የከፈቱት ነው፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ውሁዶች አሉበት። እኛ ምን እናደርግበታለን? ስም እንጽፋለን፣ ገጹ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል፣ ስክሪንሾት እናነሳለን፣ አለቀ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጭናችሁ ፐብኬምፓይ የምትባለውን ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ፣ ከጨመራችሁ ግን ገጹን መክፈት አያስፈልጋችሁም። የምትፈልጉትን መረጃ ብቻ፣ ጥቂት ኪሎባይት፣ ይዞላችሁ ይመጣል። እኔ ለሙከራ ሁልጊዜ ካፌይንን ነው የማስጠይቃቸው። በፐብኬም መለያ ቁጥሩ 2519 ነው። ሞለኪዩላዊ ክብደቱን ጠይቃችሁ 194.19 አካባቢ ከመለሰላችሁ መስመሩ ሠርቷል። ፐብኬም በሰከንድ ከ5 ጥያቄ በላይ አትላኩ የሚል ሕግ አለው። በእኛ ኔትወርክ ይህን ሕግ መጣስ ራሱ ችሎታ ነው፤ ቢሆንም ኮዱ ውስጥ ትንሽ ማረፊያ አስገቡበት፣ ኔት የሚፈጥንበት ሌሊት አይጠፋም።

የሬጀንት፣ የቤተ ሙከራ ኬሚካል ማለቴ ነው፣ ጠርሙስ ላይ የምታዩት የካስ ቁጥር፣ የኬሚካሉ መለያ፣ አለ አይደል? ተማሪዎች በእጅ ገልብጠውት ይመጡና ፍለጋው ባዶ ሲመልስ ኢንተርኔቱን ይረግማሉ። ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን በወረቀት ማጣራት ይቻላል። የካፌይን 58-08-2 ነው። የመጨረሻዋ 2 መፈተሻ ናት። እሷን ተዉና ከቀኝ ወደ ግራ ሂዱ፦ 8ን በ1፣ 0ን በ2፣ 8ን በ3፣ 5ን በ4 አባዙ። 8፣ 0፣ 24፣ 20። ድምሩ 52፤ የመጨረሻው አሃዝ 2፣ ገጠመ። ካልገጠመ ቁጥሩ ተበላሽቷል። ይህን ለማድረግ መብራትም አያስፈልግም።

አሁን ወደሚያጓጓኝ ልምጣ። አንዲት ተማሪ እንዶድ ላይ መሥራት ፈለገች። ደስ አለኝ፤ ጣና ዳር ላደገ ሰው ቢልሃርዝያ የመጽሐፍ በሽታ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያው ትል የሚያድግበት ነው። ከእንዶድ ፍሬ ከወጡት ገዳይ ውሁዶች አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ልጅቷ «ለማቶክሲንን አግኝቻለሁ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያማ አጽሙን፣ የሞለኪዩሉን ዋና መዋቅር፣ ማየት ነው! የተያያዙበትን ስኳሮች ስታነሺለት ኦሊያኖሊክ አሲድ ይቀራል፦ 30 ካርቦን፣ 48 ሃይድሮጅን፣ 3 ኦክስጅን። አጽሙን ሥለሽ ዳታቤዙን «ይህን በውስጡ የያዘ ሁሉ ይምጣ» ትይዋለሽ። በስም ብትፈልጊ የማታገኚያቸው ዘመዶቹ ተሰልፈው ይመጣሉ።

ይህ ዓይነቱ ፍለጋ ግን ደጋግሞ መሞከር ይፈልጋል፤ ጥያቄውን ታጠብቢዋለሽ፣ ታሰፊዋለሽ። ኔት በየመሃሉ ሲቆረጥ አይሆንም። ስለዚህ ዳታቤዙን ቤት ማምጣት ነው። ኬምብል የሚባለው፣ እንግሊዝ አገር ሂንክስተን ያለው የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም የሚያዘጋጀው፣ ሙሉ በሙሉ በአንድ የኤስኪውላይት ፋይል፣ ሙሉ ዳታቤዝ በሚይዝ የፋይል ዓይነት፣ ይወርዳል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ውሁዶች፣ የትኛው በምን ላይ ተሞክሮ ምን እንዳሳየ ጭምር። ሲወርድ የታሸገ ነው፤ ሲፈታ ከ20 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። በብራውዘር አትሞክሩት። ደብሊውጌት በሚባለው ፕሮግራም፣ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጋችሁ ማታ ልቀቁት። አርዲኪት የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ አጽም ፍለጋውን ላፕቶፑ ላይ ይሠራዋል።

ሁሉም ሰው ያውርድ እያልኩ አይደለም፤ ያ የካርድ ብር ማቃጠል ነው። አንድ ሰው ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ይቀበል። ለሶፍትዌሮቹም እንዲሁ። የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነው ፒፕ የሚባል ፕሮግራም ፋይሎቹን ሳይጭን አውርዶ አንድ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥበት ትእዛዝ አለው፤ ሌላው ላፕቶፕ ኢንተርኔት ሳይነካ ከዚያ ፎልደር ይጭናል። የሁለቱ ማሽኖች ዊንዶውስና የፓይተን ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ፤ ያለበለዚያ ግማሹ እምቢ ይላል።

ሰው በራሱ እጅ ያለውን ጥያቄ ሳያውቅ የተከፈለበት ዳታቤዝ ቢሰጡት ምን ሊያደርግበት ነው? ልጆቹን ስላቸው ደስ አይላቸውም። እኔም በእነሱ ዕድሜ ቢሉኝ ደስ አይለኝም ነበር። ግን አሁንም እላቸዋለሁ።

የኬምብልን ፋይል ከእኔ መቅዳት የምትፈልጉ፣ ከአዘዞም ከማራኪም፣ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የድሮ ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፣ ትልልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት ፎርማት እናደርገዋለን። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የእህታችሁን የሰርግ ፎቶ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ኋላ ጠባችሁ ከእኔ ጋር ይሆናል።