አስታማሚ በሰዓት ስትቆጠር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ለወራት በደብተሬ ይዤው ስለ ቆየሁት ጉዳይ ነው፦ የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ለእሱ የሚከፈለው አበልና ለተንከባካቢው የሚከፈለው አበል ምን እንደሚሆኑ። የምናገረው ስለ እንግሊዝና ስለ ዌልስ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ያላችሁ የአበሎቹ ስምም ከፋዩም ስለሚለይ የራሳችሁን መጠየቅ ይኖርባችኋል።

ልጄ የተወለደው ለንደን ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ስላለበት አይራመድም፣ በቃልም አይናገርም፤ ዓይኑን ወደ ላይ ሲያነሳ «አዎ» ማለቱ ነው፣ ሲጨፍን ደግሞ «አይ»። ዕድሜው ከፍ እያለ ሲሄድ አከርካሪው እየተጣመመ ሳንባውን መጫን ስለ ጀመረ ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላለፈ። በመጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 2025፣ ዕለተ ሰኞ፣ 18 ዓመት ሊሞላው 37 ቀን ሲቀረው ገባ። አሥር ቀን ያህል ይቆያል የተባለው ልጅ ቁስሉ አመርቅዞበት 74 ቀን ተኛ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ፣ ሌሊት ሌሊት የማስበው ስለ ሐኪሞቹ ቢላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በኩራት እነግራችሁ ነበር። ስለ ገንዘብም አስብ ነበር። የቤታችን ወጪ የሚሸፈነው በባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌርነት ደመወዝ፣ ፒፕ በሚባለው፣ 16 ዓመት ከሞላ በኋላ በሚከፈለው የልጁ የአካል ጉዳት አበል፣ እና ኬረርስ አላወንስ በሚባለው የእኔ የተንከባካቢ አበል ነው። በ2025 ኤፕሪል ተመን ፒፕ ሁለቱም ክፍሎች በከፍተኛው ደረጃ ሲከፈሉ፣ ለዕለት ኑሮ 110.40 ለመንቀሳቀሻ 77.05 ሆነው፣ በሳምንት 187 ፓውንድ ከ45 ሳንቲም ይመጡ ነበር። ኬረርስ አላወንስ ደግሞ 83 ፓውንድ ከ30 ነበር። እነዚህ ሁለቱ ቢቆሙ የሚቀረንን በጣቴ ቆጥሬ አውቀዋለሁ።

ይህን ጭንቀቴን ለአንዲት የደብራችን እናት አጫወትኳቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንዳትነግሪያቸው! ሆስፒታል ገባ ካልሽ ወዲያው ይቆርጡብሻል። አልጋውንም ምግቡንም መንግሥት እየሰጠው ለምን ብሎ ሁለት ጊዜ ይከፍላል?» አሉኝ። ምክራቸው አደገኛ ነበር፣ ወደዚያ እመለሳለሁ። ክርክራቸው ግን የዋዛ አልነበረም፤ ቃል በቃል ለማለት ይቻላል፣ መንግሥት ራሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድረስ ይዞት የሄደው ክርክር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀድሞ በነበረው ደንብ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሆስፒታል ከተኛ ለ84 ቀን ዲኤልኤ የሚባለው የልጆች የአካል ጉዳት አበል ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላ እስኪወጣ ይቋረጣል። በ2010 በሊቨርፑል አልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል የገባ ካሜሮን ማቲሰን የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው ሳንባን የሚጎዳ በሽታና ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መዛል በሽታ ተደራርበውበት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተኛ፤ አበሉም በደንቡ መሠረት ቆመ። ወላጆቹ ግን ከአልጋው ሥር አልተለዩም ነበር። ልጁ በ2012 በአምስት ዓመቱ አረፈ፤ አባቱ ክርክሩን አልተወውም። በጁላይ 2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አምስት ዳኞች በተሰየሙበት፣ የዚያን ልጅ አበል ማቋረጥ ሰብአዊ መብቱን የሚጥስ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። በዓመቱ፣ ከጁን 29 ቀን 2016 ጀምሮ፣ ደንቡ ተለወጠ፦ ሆስፒታል በገባበት ቀን ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ዲኤልኤም ሆነ ፒፕ ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢቆይ አበሉ አይቋረጥበትም።

«በገባበት ቀን» የምትለዋን ሐረግ ሳነብ ቁጭ ብዬ ካላንደር አወጣሁ። ልጄ ኤፕሪል 9 ቀን 18 ዓመት ሞላው፤ ልደቱን ያከበርነው ዋርድ ውስጥ፣ ዐቢይ ጾም ላይ ስለ ነበርን እህቱ ባመጣችው የጾም ኬክ ነው። በማግሥቱ አዋቂ ሆኖ ቢነሳም የገባው ልጅ ሆኖ ነበርና ለዚያ ቆይታ ፒፑ እስኪወጣ ድረስ ተከፈለ። ቀጠሮው ለሦስተኛ ጊዜ ተላልፎ ከልደቱ በኋላ ቢገባ ኖሮ ግን የአዋቂዎች ደንብ ይይዘው ነበር፦ ከ28 ቀን በኋላ ሁለቱም የፒፕ ክፍሎች ይቆማሉ። የገባበትና የወጣበት ቀን በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ በሁለት ቆይታዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ28 ቀን ካልበለጠ ደግሞ ሁለቱ እንደ አንድ ተደምረው ይቆጠራሉ። ያን ስሌት በልጄ 74 ቀን ላይ ባሰላው ወደ 1,200 ፓውንድ የሚጠጋ ፒፕ ይቀርብን ነበር። በዚያ ላይ የእኔ ኬረርስ አላወንስ የቆመው በእሱ ፒፕ የዕለት ኑሮ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ምሰሶው ሲወድቅ ጣራውም አብሮ ይወርዳል። ሕመሙ ያው፣ ቁስሉ ያው፣ እናቱም ያችው እኔ፤ የሚለየው የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወረፋ ብቻ ነበር።

ለመሆኑ አዋቂስ ቢሆን ቤተሰቡ አጠገቡ አይደለም ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይህም ተጠይቋል። በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበትን የአንድ ጎልማሳ ጉዳይ አይቶ፣ ለአዋቂዎች የ28 ቀኑ ደንብ እንዲጸና ወስኗል። ደብራችን ያሉት እናት ያነሱት ክርክር በልጆች ላይ ተሸንፎ በአዋቂዎች ላይ አሸንፏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ቋንቋ የመጣ አንድ ነገር ልናገር። እኛ «አስታማሚ» የሚል ቃል አለን። አገር ቤት ሆስፒታል የተኛ ሰው ያለ አስታማሚ አይታሰብም። ልጅ እያለሁ አጎቴ ታሞ ሲተኛ፣ እናቴ ምሳ ዕቃ በመቀነቷ አስራ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ካርቶን ላይ ታሳልፍ ነበር፤ መድኃኒት ቤት የምትሮጠው፣ የምታጥበው፣ የምታገላብጠው እሷ ነበረች። ሰው ሆስፒታል ገባ ማለት ከቤተሰቡ እጅ ወጣ ማለት ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ይህንን የድህነት ምልክት ነው የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ በእንግሊዝ ነርሶች ጎበዞች ናቸው፣ ምግቡም ይመጣል፣ መድኃኒቱንም የሚገዛ ዘመድ አያስፈልግም። ዳሩ ግን ነርሷ ልጄ ዓይኑን ሲጨፍን ሕመም ይሁን እንቅልፍ መለየት አትችልም። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በአራተኛው ሌሊት ዓይኑን ደጋግሞ ሲጨፍን ያየች ነርስ መብራቱን ልታጠፋለት ነበር። እኔ ግን «አይ» እያለ መሆኑን አውቄ አንድ በአንድ ጠየቅሁት፦ ጀርባህ ነው? እግርህ ነው? ሆድህ? የሽንቱ ቱቦ ታጥፎ ነበር። እንግዲህ ይህ ሥራ ስሙ ምንድን ነው? እንግሊዝኛው «ጠያቂ» ያደርገኛል፤ ደረቴ ላይ የለጠፉልኝም የጠያቂ ወረቀት ነበር።

የኬረርስ አላወንስ ነገር የሚከብደውም እዚሁ ላይ ነው። የልጁ አበል ስለ ቀጠለ ብቻ የእኔ በራሱ አይቀጥልም፤ ሕጉ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት እየተንከባከብኩ መሆኔን ይፈልጋል፣ ሳምንቱም ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ይቆጠራል። ልጅ ሆስፒታል ተኝቶም የሚደረግለት እንክብካቤ እንክብካቤ ነው፤ 35 ሰዓቱ እስከ ሞላ ድረስ አበሉ እንደ ቀድሞው ይሄዳል። ስለዚህ እናቴ በሕይወቷ ያላሰበችውን ነገር አደረግሁ፦ አስታማሚነቴን በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። «ማክሰኞ፦ ቁርስ ማጉረስ 50 ደቂቃ። ከነርስ ጋር ማገላበጥ አምስት ጊዜ። ለሐኪሙ ማስተርጎም። አፉን ማጽዳት። ማታ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶኛል።» በተዘረጋው ወንበር ላይ ጋደም ብዬ ሰዓቱን ስጽፍ፣ ፍቅሬን በኪሎ እየመዘንኩ ለነጋዴ የማስረክብ ይመስል ያሳፍረኝ ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ስደምረው አንዱ ሳምንት 90 ሰዓት አለፈ። ለ35 የሚከፈለው ለ90ም ያው 83 ፓውንድ ከ30 ነበር፣ ይህን በቅንፍ ያዙልኝ።

አንድ ሳምንት ግን ጉንፋን አጣድፎኝ ወደ ዋርዱ እንዳልገባ ተከለከልኩ፤ ባለቤቴ ከሥራ እየወጣ ተተካልኝ። ያን ሳምንት 35 ሰዓት እንዳልሞላሁ ግልጽ ነው። ለዚህም ደንቡ ቦታ አለው፦ በ26 ሳምንት ውስጥ ለማንኛውም ምክንያት እስከ አራት ሳምንት እረፍት ይፈቀዳል፤ ተንከባካቢው ወይም የሚንከባከበው ሰው ሆስፒታል ከተኛ ደግሞ ጠቅላላው እስከ 12 ሳምንት ይደርሳል። ስለዚህ ልጃችሁ ርቆ የሚገኝ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሌሎች ልጆች ቤት ስላሉባችሁ በየቀኑ መድረስ ካልቻላችሁ፣ አበላችሁ በማግሥቱ አይቆምም። አሥራ ሁለቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ግን ይቆማል።

ወደ ደብራችን እናት ምክር ልመለስ። እኔ ደወልኩ። በሁለት ስልክ፣ ለፒፕም ለኬረርስ አላወንስም ለየብቻ፣ የገባበትን ቀን አስመዘገብኩ፤ ሲወጣም እንዲሁ አደረግሁ። የደወልኩት ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ መንግሥት ዕዳ ሲጠይቅ የሚልከውን ቡናማ ፖስታ ስለምፈራ ነው። በኬረርስ አላወንስ ምክንያት ያልተገባ ክፍያ ወስዳችኋል ተብለው በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ዕዳ የመጣባቸው ተንከባካቢዎች ብዙ ናቸው፤ መንግሥትም በ2024 ጉዳዩ በገለልተኛ ወገን እንዲጠና አዝዟል። የብዙዎቹ ጥፋት አበሉን የሚወስድ ሰው በሳምንት ሠርቶ እንዲያገኝ ከተፈቀደለት የገቢ ጣሪያ በትንሽ ማለፍ ነበር፤ ከጣሪያው አንድ ፓውንድ ያለፈ ሰው የዚያን ሳምንት አበል ሙሉውን ያጣልና። ጣሪያው በኤፕሪል 2025 ከ151 ወደ 196 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ዝም ማለት የሚያዋጣው እስኪደርሱባችሁ ድረስ ብቻ ነው። በልጄ ጉዳይ ደግሞ መናገሬ አንድ ሳንቲም አላስቀነሰብኝም፤ እናታችን የፈሩት ደንብ ለልጆች ከተሻረ ወደ ዘጠኝ ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ትንንሽ የሆኑትን በፍጥነት ልበላቸው። ልጃችሁ ሆስፒታል ተኝቶ 16 ዓመት ከሞላው ከዲኤልኤ ወደ ፒፕ እንዲዛወር የሚጠራው ደብዳቤ የሚመጣው ከወጣ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ዲኤልኤው ይቀጥላል። ቆይታው ከ12 ሳምንት ካለፈ ቻይልድ ቤኔፊት ለሚባለው የልጅ ማሳደጊያ አበልም ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለልጁ በየጊዜው ገንዘብ እያወጣችሁ ከሆነ ክፍያው ሊቀጥል ይችላል። ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሚሰጠው የመጓጓዣ ወጪ መተኪያ ደግሞ ለታካሚ እንጂ ለጠያቂ አይደለም፤ እኛ ለባቡርና ለመኪና ማቆሚያ ያወጣነው ሁሉ ከፒፑ ነው የወጣው። ዳኞቹ አበሉ እንዲቀጥል ሲፈርዱ የልጁ አልጋና ምግብ ነጻ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የእናትና የአባት ወጪ ግን በዚያው ልክ እንደሚንር እኔ በደረሰኝ ላይ አየሁት።

ፋሲካ ኤፕሪል 20 ነበር። ባለቤቴ ዶሮውን በቴርሞስ አድርጎ አመጣው፤ ልጄ ወፍራም ነገር ስለማይውጥ መረቁን በማንኪያ ጫፍ አቀመስኩት፣ ዓይኑንም ወደ ላይ አነሳ። በደብተሩ ላይ «ማጉረስ፣ 40 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ።

ሜይ 16 ወጣን። አሁን ቁስሉ ደርቋል፤ ከተተከለለት ብረት አንዱ ብሎን ስለላላ ግን እንደገና መግባቱ አይቀርም ብለውናል። በዚህ ጊዜ የሚገባው አዋቂ ሆኖ ነው። ካላንደሩን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ቀጠሮው ሲመጣ ከገባበት ማግሥት ጀምሬ 28 ቀን እቆጥርና በሃያ ዘጠነኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከብበታለሁ። አዲስ ደብተርም ገዝቻለሁ።