ቸርችል ጎዳና፦ ሽቅብ ከለገሃር

ሰላም፦ ዛሬ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ በእግሬ ወጥቼ ነው የመጣሁት።

ዳዊት፦ ሽቅብ? ሰው ቸርችልን ቁልቁል ነው እኮ የሚሄደው!

ሰላም፦ ትንፋሼ ሲያልቅ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። የእንጨት መስቀል የምመርጥ መስዬ አረፍኩ። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራ ነው የነቃሁት።

ዳዊት፦ (ሳቅ) ዳገቱ ግን ለዓይን ጥሩ ነው። ከላይ ሆነሽ ቁልቁል ለገሃርን ታያለሽ፤ ከታች ቀና ስትዪ ማዘጋጃ ቤቱን።

ሰላም፦ ታስቦበት ነው?

ዳዊት፦ ቀስ በቀስ። ባቡር ጣቢያው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የመጣው ብዙ ቆይቶ በ1950ዎቹ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊ፣ አርቱሮ መዘዲሚ፣ ነው የነደፈው። በኋላ ፈረንሳዮች የከተማዋን ፕላን ሲያወጡ ሁለቱን የሚያገናኘውን መስመር ዋናው አደረጉት።

ሰላም፦ «ለገሃር» ራሱ ፈረንሳይኛ አይደል? «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። የታክሲ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ፈረንሳይኛ ነው የሚጮኸው!

ዳዊት፦ አንበሶቹንስ አየሻቸው?

ሰላም፦ የጣቢያውን አየሁ።

ዳዊት፦ እሱ ለ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋዩ ደግሞ የ1948ቱ ኢዮቤልዩ፣ የንግሥናቸው 25ኛ ዓመት፣ ነው።

ሰላም፦ የእህቴ ልጅ ያንን «ሮቦት አንበሳ» ነው የሚለው። እኔ ግን እወደዋለሁ።

ዳዊት፦ ደርግ በተራው አንበሳ አልፈለገም። በ1977 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ «ትግላችን» የሚባለውን ሐውልት አቆመ፤ ሃምሳ ሜትር፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ። ቅርጻ ቅርጹን የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው።

ሰላም፦ የመጣው ሁሉ እዚሁ ዳገት ላይ አንድ ነገር ይተክላል ማለት ነው።

ዳዊት፦ ለእኔ ጉዱ ያለው ላይኛው ጫፍ ነው። ጎዳናው በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በቸርችል ስም ይጠራል፤ በ1933 ጣሊያን ሲባረር ሥልጣን ላይ የነበረው እሱ ነው። ግን አናቱ ላይ ምን አደባባይ አለ?

ሰላም፦ ቴዎድሮስ!

ዳዊት፦ መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን ያጠፋው ቴዎድሮስ። ያውም ከሴባስቶፖል መድፉ አምሳያ ጋር።

ሰላም፦ ወይ ጉድ! አፈሙዙ ወደ የት ነው የዞረው?

ዳዊት፦ እሱን አላስተዋልኩም።

ሰላም፦ ነገ ሄጄ አያለሁ።

ዳዊት፦ በታክሲ ሂጂ።